እትዬን የነደፋት ቀንድ አውጣ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላት። በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል። ቤቷ ከወደቡ ጀርባ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው። ከፊት ያለችው ክፍል ስፌት ቤት ናት፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ መኖሪያ። ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት የባሕሩ ጨውና የትኩስ ዳቦ ሽታ እየተጋፉ ይገባሉ። ዛሬ ያንን ሽታ በሳበች ቁጥር «ተመስገን» ትላለች። እንዲያ ማለት የጀመረችው ግን ትንፋሽ በሰው እጅ ከተሰጣት ወዲህ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

እትዬ አንዲት ልጅ አላት። አልወለደቻትም። ባሏ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ ሲያገባት ከሟች ሚስቱ ያፈራትን አንዲት ቀጫጫ ልጅ በእጁ ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ታሞ ሞተ። ሐዘኑ ሲያበቃ ዘመዶቹ መጡና «እንግዲህ ልጅቷን እንውሰዳት» አሉ። እትዬ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። መቀሱን ከእጇ ሳታወርድ ቀና ብላ «የት?» አለቻቸው። ሁለተኛ አልጠየቁም።

ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ በከተማው የተፈጥሮ ቤተ መዘክር ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን የምትለይ፣ የምትመድብ ባለሙያ ሆነች። እሷም እንደ ሰፈሩ «እትዬ» ነው የምትላት። ከሰው አፍ ሰምታ ጀመረችው፤ እትዬም አላረመቻትም። «ስሜ ከሆነ ስሜ ነው» ትላለች።

የልጅቷን ሥራ ግን እትዬ በደንብ አልገባትም ነበር። አንድ ቀን ከእራት በኋላ ልጅቷ ከቤተ መዘክሩ ያመጣቻቸውን ዛጎሎች በስፌቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በአዝራሮቹ መሐል ደረደረቻቸው።

«ይኼን ሁሉ ስም ለአንድ ቀንድ አውጣ?» አለች እትዬ።

«ስም ብቻ አይደለም እትዬ፤ አድራሻም ነው። ሰው ቤትሽን ሲጠይቅሽ ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ መንገዱን ብለሽ በሩ ላይ ታደርሺው የለ? እንደዚያ በይው። ትልቁ ስፍን ይባላል። እንስሳት በሙሉ አንድ ስፍን ነን፤ እኔም አንቺም ቀንድ አውጣውም።»

«አመሰግናለሁ፤ ከቀንድ አውጣ ጋር ደባልሽኝ።»

«ቆይ፣ ወዲያው እንለያያለን። ከስፍን ቀጥሎ ክፍለ ስፍን አለ። እኛ የጀርባ አጥንት ካላቸው ወገን ስንሆን፣ እነሱ ገላቸው ለስላሳ ነው።»

«ተመስገን።»

«ከዚያ መደብ ነው። የቀንድ አውጣዎቹ መደብ ሆደ እግር ይባላል፤ በሆዳቸው ስለሚሄዱ።»

«መደብማ የሚቀመጡበት ነው። በሆዱ የሚሄድ ካልሽ ደግሞ ጋሼ እርሾም እዚያው መደብ ነው።»

ጋሼ እርሾ የሚባለው ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። ልጅቷ ሳቋ እስኪያልፍ ጠብቃ ቀጠለች። «ከመደብ ክፍለ መደብ፣ ከክፍለ መደብ አስተኔ፤ አስተኔ ማለት ቤተሰብ ነው። ከአስተኔ ወገን፣ ከወገን ዝርያ።»

«ወገንና ዝርያማ አውቃለሁ። ሰርግ ሲሆን የሚበዙት፣ ችግር ሲሆን የሚጠፉት ናቸው።»

«የኔዎቹ አይጠፉም። አስተኔውን ካወቅሽ ጠባዩን በግማሽ አወቅሽ። ዝርያውን ካወቅሽ ደግሞ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያደርግሽ ሁሉ አወቅሽ። ለምሳሌ የሾጣጣዎቹ አስተኔ፣ እነዚህ ከላይ ሰፍተው ከታች የሚቀጥኑት፣ በሕይወት ካየሻቸው እጅሽን ሰብስቢ…»

እትዬ በዚያ ሰዓት ክር መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት አንድ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ዓይኗን የጨፈነች ሰው ጆሮዋንም ጨፈነች መሰል፣ ምክሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ከዚህ በኋላ ባሕሩ በጣም በሸሸበት አንድ ጠዋት፣ እትዬ ሥራ ከመጀመሯ በፊት እግሯን ልታፍታታ ወደ ዳርቻው ወረደች። የሙሽራ ልብስ ተቀብላ ነበር፤ ለእጅጌው የሚሆን የዳንቴል ንድፍ አጥታ ቀናት ተጨንቃለች። ውኃው ጥሎት በሄደው ኩሬ ውስጥ፣ አሸዋ ላይ፣ አንድ ዛጎል አየች። ነጭ ሆኖ ሮዝ ይነካካዋል፤ በላዩ ላይ ቡናማ መስመር እንደ መረብ ተጠላልፏል። እንዲህ ያለ ዳንቴል በዕድሜዋ አላየችም። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ንድፉን በዓይኗ እየተከተለች አገላበጠችው።

ጠቅ አደረጋት።

መርፌ እንደወጋት ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ዕድሜ ልኩን በመርፌ የተወጋ እጅ ለዚህ ዞር ብሎ አያይም። ዛጎሉን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤቷ አዘገመች። «ለልጄ አሳያታለሁ፤ እሷም ስሙን ትነግረኛለች፤ እኔም ንድፉን እሰርቃለሁ» እያለች ነበር የምትሄደው።

ስፌት ቤቷ ደርሳ መርፌ ስታነሳ መርፌው ወደቀ። አነሳችው፤ ደግሞ ወደቀ። ጣቶቿን አየቻቸው፤ አሉ፤ ግን የሰው ጣት የያዘች ይመስል አይሰሟትም። ከንፈሯ ደነዘዘ። መስታወቱ ላይ ያሉት የዓይኖቿ ቆቦች እንደ ደከመ መጋረጃ ሲወርዱ አየች። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ዳቦ ቤቱ ወጣች፤ ጋሼ እርሾን ልትጠራ አፏን ስትከፍት ምላሷ ተሳሰረ።

ጋሼ እርሾ ሊጥ የያዘ እጁን እንኳ አልታጠበም። በክንዶቹ ታቅፏት ዳቦ ማመላለሻ መኪናው ውስጥ፣ በባዶ ትሪዎቹ መሐል አስተኛትና ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ሆስፒታል ከነፈ። በመንገድ ላይ ወደ ቤተ መዘክሩ ደወለ። «ልጄ፣ እትዬ አትናገርም፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነይ» አላት።

ሆስፒታሉ ትንሽ ነው። ተረኛዋ ዶክተር ወጣት ብትሆንም እጇ ፈጣን ነበር። የእትዬ ደረት መነሳቱን እየተወ መሆኑን ስታይ ምክንያቱን ለመፈለግ ጊዜ አላባከነችም፤ ቱቦ በጉሮሮዋ አስገባችና በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ ነርሱ እንዲይዝ አደረገች። የሆስፒታሉ ብቸኛ መተንፈሻ ማሽን ሌላ ሕመምተኛ ላይ ነበር። ነርሱ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ወጣት ነው፤ ፊኛውን ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ይጨምቃል፣ ይለቃል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእትዬ በቀር ማንም የማያውቀውን። እትዬ ትሰማለች። ዓይኗን መክፈት አትችልም፤ ጣቷን ማነቃነቅ አትችልም፤ ጆሮዋና ልቧ ግን አልተነኩም። የፊኛውን ትንፋሽ ትሰማለች። የዶክተሯን ጫማ ትሰማለች። ዶክተሯ «የጭንቅላት ደም ሥር ይመስለኛል፤ የዓይኗ ብሌን ለብርሃን መልስ አይሰጥም» ስትልም ሰማች፤ ድምፅዋ ሲወርድ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባት። «አለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቱ ግን ከውስጧ አልወጣም።

በዚህ መሐል በሩ ተበረገደና ልጅቷ ገባች።

«ጠዋት የት ነበረች?» አለች፤ የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ነበር።

«እንጃ» አለ ጋሼ እርሾ። «ጫማዋ ላይ አሸዋ ነበር።»

ልጅቷ የእትዬን እጅ አነሳች። መዳፏ መሐል የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ነጣ ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ሆኗል። ዘወር ስትል አንዲት ሌላ ነርስ የእትዬን ሽርጥ ይዛ ኪሱን ለመፈተሽ እጇን ልትሰድ ነበር።

«እጅሽን አውጪ!»

ነርሷ እጇን መለሰች። ልጅቷ ሽርጡን በወረንጦ ያዘችና የብረት ሳህን ላይ አራገፈችው። ዛጎሉ ኳ ብሎ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ከቀጭኑ ጫፉ በኩል አንድ ለስላሳ አፍንጫ መሳይ ነገር ወጥቶ አየሩን አሸተተ። ልጅቷ ሳህኑን ከሰው አራቀችው።

«ዶክተር፣ ደም ሥር አይደለም። ይኼ ነው የነደፋት።»

«ቀንድ አውጣ?» አለች ዶክተሯ። «ቀንድ አውጣ ሰው ይነድፋል?»

«በመደቡ ከጠራነው ልክ ነሽ፤ ሆደ እግር ሁሉ አይናደፍም፤ አብዛኛው ቅጠልና ሻጋታ የሚግጥ ምስኪን ነው። ግን አስተኔውን እይ፤ ሾጣጣ ነው። የዚህ አስተኔ ልጆች በሙሉ አዳኞች ናቸው፤ ጥርሳቸው እንደ መርፌ ተስሎ መርዝ ይወጋል።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሎቹ ግን ተራቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። «ከእነሱም ውስጥ ትል የሚበሉ አሉ፤ እነሱ ቢሆኑ እጇ ብቻ ነበር የሚያብጠው። ይኼ ግን አፉ ሰፊ ነው፤ ዛጎሉ ስስ ነው፤ መረብ ጥለት አለው። ዝርያው ዓሣ የሚያድነው ነው። ዓሣው እንዳያመልጠው በአንዴ ያደነዝዘዋል። እሷንም ያደረጋት ያንን ነው። ጡንቻዋን ነው የያዘው፤ ጭንቅላቷን አይደለም።»

«ማርከሻ አለው?»

«የለውም። ግን መርዙን ሰውነቷ ራሱ ያስወጣዋል፤ እስከዚያ ከተነፈሰች ትድናለች። እባክሽ ዶክተር፣ መተንፈሷ አይቋረጥ። ደግሞ… ልትሰማን ትችላለች።»

ዶክተሯ ሳህኑን አየች፤ የእትዬን መዳፍ አየች፤ ልጅቷን አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ኩራት ይይዘው ነበር። እሷ ግን ወደ እትዬ ጆሮ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ የሚሰሙኝ ከሆነ፣ እኛ ነን የምንተነፍስልዎት። እርስዎ ይረፉ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ከአሁን ጀምሮ ትሰማለች ብለን ነው የምንሠራው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ክፉ ነገር የሚናገር ውጭ ይቁም» አለችና ማሽን እንዲልኩላት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልትደውል ወጣች።

እትዬ የዚያችን ዶክተር ነገር ስታነሳ ዛሬም ዓይኗ ይሞላል። «እናቴ አለችኝ፤ ሬሳ መስዬ ተጋድሜ» ትላለች።

ቀጥሎ የመጣው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ «የሕመምተኛዋ የቅርብ ዘመድ ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«የእንጀራ ልጇ ነሽ ብለውኛል። የሥጋ ዘመድ የላትም? ወገን የሚባል?»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ወገኗም እኔ ነኝ፤ አስተኔዋም እኔ ነኝ፤ ዝርያዋም እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ሰውዬው ከነዚህ አንዱንም የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም መሰለኝ፣ «ልጅ» ብሎ ጻፈና ሄደ። እትዬ ሳቅ መጣባት፤ የምትስቅበት ጡንቻ ግን አልነበራትም። ከዓይኗ ጠርዝ አንዲት ዘለላ ውኃ ወረደች። ልጅቷ አየቻት። «አየህ? አየህ?» እያለች የነርሱን ክንድ ስትይዝ ነርሱ «እህቴ፣ አየሩን አታስቀሪብኝ» አላት፤ እሱም ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

ፊኛውን ተራ በተራ ያዙት። ነርሱ ሲደክመው ልጅቷ፣ ልጅቷ ሲደክማት ጋሼ እርሾ። ነርሱ ጋሼ እርሾን ሲያስተምረው «ቀስ በሉ ጋሼ፣ ሊጥ አይደለም» አለው። ጋሼ እርሾ ግን ወዲያው ለመደው፤ ዕድሜውን ሲያቦካ የኖረ እጅ አይደል? የእሱ ተራ ሲሆን ትንፋሹ እንደ መኝታ ዜማ አይዛነፍም። እየጨመቀም ያወራል።

«እትዬ፣ ትሰማለች ካሉ እንግዲህ ስሚኝ። ሱሪዬን አጥብባ ሰፋችው ብዬ ለሰፈሩ አውርቼብሽ ነበር። ውሸቴን ነው። እኔው ነኝ የወፈርኩት። ብቻ ተነሺ፤ በአደባባይ አርመዋለሁ።»

ልጅቷ ደግሞ በተራዋ ሌላ ወሬ አላወራችም። የቀንድ አውጣውን አድራሻ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ነገረቻት። ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። በየአንዳንዱ ቃል አንድ ትንፋሽ ትሰጣታለች። እትዬም በውስጧ አብራት ትላለች። የጨለማው ነገር ሲያስፈራት ቃሉን ትጠብቃለች፤ «መደብ» ሲመጣ ቀጥሎ «ክፍለ መደብ» እንደሚመጣ ስለምታውቅ፣ ቀጣዩ ትንፋሽም እንደሚመጣ ታውቃለች። ከዚያ በፊት ያልገባት ነገር ሁሉ በዚያ አልጋ ላይ ገባት፤ እንደ ውዳሴ በቃሏ ያዘችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከትልቁ ሆስፒታል ማሽኑ በአምቡላንስ ደረሰ። ነርሱ ፊኛውን ሲያስቀምጥ ጣቶቹ እንደ ተጨበጡ ቀሩ፤ ዶክተሯ አንድ በአንድ እያሸች ዘረጋችለት። የሥራ ሰዓቱ ያለቀው እኮ ገና እኩለ ቀን ላይ ነበር።

በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ልጅቷ የእትዬን እጅ ይዛ ወንበር ላይ አሸልባ ነበር። መዳፏን አንድ ነገር ቧጠጣት። ስትነቃ የእትዬ አመልካች ጣት ነው፤ ክር እንደሚጠቀልል ሰው በዝግታ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ልጅቷ የጮኸችው ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። ማታውን ቱቦው ወጣ። እትዬ በተሰነጠቀ ድምፅ የመጀመሪያ ቃሏን ስትናገር ዶክተሯም ነርሱም ጋሼ እርሾም ጎንበስ ብለው ሰሙ።

«ጋሼ እርሾ» አለች፣ «አደባባዩ መቼ ነው?»

ጋሼ እርሾ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጅቷ ደግሞ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ የትኛው እንደሚበልጥባት አይታወቅም።

ቀንድ አውጣውን ልጅቷ የባሕር ውኃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። እትዬ ቤቷ ገብታ ትራስ ተደግፋ ስትቀመጥ «ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ አየችው። የመረቡ ጥለት ያው እንደ መጀመሪያው ቀን ያምራል።

«እሱ ምን አጠፋ? ቤቱ በር ላይ ሄጄ ነው የያዝኩት። ንድፉን በወረቀት አንሺልኝና መልሺው።»

የሙሽራዋ እጅጌ በዚያ ንድፍ ተሠራ። የተሠራው ግን በእትዬ እጅ ብቻ አይደለም፤ ጣቶቿ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም ነበርና ጎረቤት ያሉ ሴቶች ተሰብስበው አገዟት። ሙሽራዋ የታሪኩን መነሻ ስትሰማ ፈርታ ትተወዋለች ብለው ነበር፤ እሷ ግን «ሞትን ያሸነፈ እጅጌ ነው» ብላ ለበሰችው።

ዶክተሯም ልጅቷን አልተወቻትም። «ነይና ለሁላችንም አስተምሪ» አለቻት። ልጅቷ ባዶ ዛጎሎቿን በትሪ ይዛ ሄደች፤ ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ ዓሣ አጥማጆቹም ተቀመጡ። ከመደብ ጀምራ ወደ አስተኔ ስትወርድ፣ የትኛው እንደሚነካ፣ የትኛው እንደማይነካ ስታሳይ፣ እትዬ ፊት ወንበር ላይ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ እጁን አውጥቶ ከአስተኔ በፊት ምን እንደነበር ሲጠይቅ ልጅቷ ሳትመልስ እትዬ «ክፍለ መደብ» አለች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። ልጅቷ ያን ጊዜ ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ «እናቴ ናት» አለቻቸው፤ ትምህርቱንም ቀጠለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ እትዬ ትከሻ ሰፊውን ነርስ ኮሪደር ላይ አገኘችው። እጁን ይዛ ልትስም ስትል ሸሸ።

«ኧረ እትዬ፣ ሥራዬ ነው፤ ምን አደረግሁ?»

«ሥራህማ እኩለ ቀን ላይ አልቆ ነበር። ሰምቻለሁ፤ ሁሉን ሰምቻለሁ።» ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣች። «በል አሁን ቀጥ ብለህ ቁም። ለትከሻህ የሚበቃ ኮት ከሱቅ አታገኝም።»

«እትዬ፣ ሕመምተኞች እየጠበቁኝ ነው።»

«ይጠብቁ፤ እኔም ተኝቼ ጠብቄያለሁ። እጅህን ዘርጋ።»

ነርሱ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ኮሪደሩ መሐል ቆመ። እትዬ በእግር ጣቶቿ ተንጠራርታ ሜትሩን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው ሳበች፤ ልጅቷ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሕመምተኞችም «እጅጌውን ረዘም አድርጊለት» እያሉ ይመክራሉ።